ሳተላይትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ ስለ ማሳው ማን ይፍረድ?

ክረምት ሊገባ ሲል የኢትዮጵያ ገበሬ ሰማዩን ያያል። ዳመናው ከየት ወገን እንደተነሣ፣ ነፋሱ እንዴት እንደሚነፍስ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ምን ያህል እንዳራሰው ይመረምርና መቼ እንደሚያርስ፣ ምን እንደሚዘራ ይወስናል። ዛሬ ደግሞ ሰማዩም ገበሬውን ያያል። በ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶች በየጥቂት ቀናት በማሳው ላይ ያልፋሉ፤ ከማሳው የሚመለሰውን ብርሃን ይለካሉ፤ የለኩትንም ወደ ምድር ይልካሉ። የልኬቱን ብዛት የሰው ዓይን አንብቦ ሊጨርሰው ስለማይችል ንባቡ በተለምዶ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ለሚባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተሰጠ ነው። «በዚህ ማሳ ላይ የተዘራው ስንዴ ነው»፣ «የዚህ ወረዳ ሰብል ደርቋል»፣ «ለእነዚህ ቤተሰቦች እርዳታ ያስፈልጋል» የሚለውን ፍርድ ማሽን እንዲሰጥ የሚጠየቅበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ፍርድ ባለበት ሁሉ የፍርድ ስሕተት ይኖራል። ማሽኑ ሲሳሳት የሚጎዳው ግን ማሽኑ አይደለም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያም አይደለም። የሚጎዱት የደረቀ ማሳቸው በስሕተት «ለምለም» ተብሎ የተመዘገበባቸው ገበሬና ቤተሰቡ ናቸው። ስለዚህ «ማሽኑ ምን ያህል ብልህ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን «ሲሳሳት ማን ያውቃል? ማንስ ያርመዋል?» የሚለውም መነሣት አለበት። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሳተላይት ሰብልን እንዴት እንደሚያይ፣ ቀጥሎም ማሽን እንዴት እንደሚማር በአጭሩ እናብራራለን፤ ከዚያም ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭና ኃላፊነት የሚሰማው ምርምር ምን መልክ ሊኖረው እንደሚገባ ለመመልከት እንሞክራለን።

ማየት ብቻውን አያድንም

የምድርን ሀብት ለማጥናት የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት፣ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለው፣ የመጠቀው በሐምሌ ወር 1964 ዓ.ም. ነበር። በተከታዮቹ 1965 እና 1966 ዓ.ም. በወሎና በሌሎችም የሰሜን ኢትዮጵያ አካባቢዎች የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፈ ረኀብ ደረሰ። ሳተላይቱ በእነዚያ ዓመታት ምሕዋሩን ይዞ ይዞር ነበር፤ ልኬቱን ወደ ማስጠንቀቂያ፣ ማስጠንቀቂያውንም ወደ እህል የሚለውጥ ሥርዓት ግን አልነበረም። በሳተላይት መረጃ ጭምር የሚሠራው የረኀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት በአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት የተቋቋመው ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የላንድሳት ምስሎች ለማንኛውም ተመራማሪ ያለ ክፍያ እንዲሰጡ የተወሰነውም እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በሰማይ ያለው መሣሪያና በምድር ያለው ሰው የሚገናኙት በመካከላቸው በተዘረጋው የዕውቀት፣ የውሳኔና የኃላፊነት ሰንሰለት አማካይነት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የገባ አዲስ ቀለበት ነው። ሰንሰለቱን ሊያጠነክረው ይችላል፤ ደካማ ከሆነም ሰንሰለቱ የሚበጠሰው በእርሱ በኩል ይሆናል።

ሳተላይት የሚያየው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ሳተላይትን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ አድርጎ ይገምተዋል። ግምቱ ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። በሳተላይቱ ላይ የተጫነው መሣሪያ በመሠረቱ የብርሃን መለኪያ ነው። ከፀሐይ መጥቶ ምድር ላይ ካረፈው ብርሃን ውስጥ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ክፍል በሞገድ ርዝመት እየለየ ይለካል። ለምሳሌ ያህል ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ብርሃንን በ13 የሞገድ ክልሎች ከፍለው ይለካሉ። በአራቱ ክልሎች የምድርን ገጽ የሚያዩት 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍለው ነው። እያንዳንዱ ካሬ ፒክሰል ይባላል።

ጤናማ ቅጠል በውስጡ ያለው ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን አብዝቶ ይውጣል፤ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ኃይል ነውና። ዓይናችን የማያየውን ለቀይ ቅርብ የሆነ ኢንፍራሬድ ብርሃን ግን በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳትና በመካከላቸው ያለው አየር በታትነው ይመልሱታል። ስለዚህ ለምለም ተክል በቀይ ብርሃን ጨለማ፣ በኢንፍራሬድ ብሩህ ሆኖ ይታያል። ባዶ አፈር እንዲህ ያለ ልዩነት አያሳይም።

የዘርፉ ባለሙያዎች ከዚህ የተፈጥሮ ባሕርይ አንድ ቀላል ቀመር አውጥተዋል። ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ቀንሶ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው። አንድ ለምለም ማሳ ከቀዩ 4 በመቶ፣ ከኢንፍራሬዱ ደግሞ 50 በመቶ ቢመልስ ልዩነቱ 46፣ ድምሩ 54፣ ውጤቱም 0.85 ገደማ ይሆናል። ከቀዩ 20፣ ከኢንፍራሬዱ 25 በመቶ የሚመልስ ባዶ አፈር ግን 5 ለ45 ሲካፈል 0.11 ያህል ብቻ ያገኛል። ይህ ቁጥር በየሳምንቱ ሲመዘገብ ማሳው ከቡቃያ እስከ አጨዳ ያለፈበትን ጉዞ የሚያሳይ መስመር ይሰጠናል። ጤፍና ስንዴ፣ ማሽላና በቆሎ የሚዘሩበት፣ የሚያብቡበትና የሚደርሱበት ጊዜ ስለሚለያይ መስመሮቻቸውም ይለያያሉ።

ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው ዳመና ነው። ሰብሉ በሚያድግበት በክረምት ወራት የደጋውና የወይና ደጋው ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ የተሸፈነ በመሆኑ ዋናው የዕድገት ወቅት ከዓይን ይሰወራል። ዳመናን አልፎ የሚያይ የራዳር ሳተላይት አለ፤ የራዳሩ ልኬት ግን የሚነግረን ስለ ተክሉ ቅርጽና ስለ እርጥበቱ እንጂ ስለ ልምላሜው ቀለም አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የማሳው ስፋት ነው። አንድ ጥማድ መሬት በግምት ሩብ ሄክታር ነው። ጥማዱ 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ካሬ ቢሆንና ከፒክሰሎቹ ጋር በትክክል ቢገጥም 25 ፒክሰሎች ይይዛል። ከእነዚህ 16ቱ በዳር ያሉ ናቸው። በተግባር ግን ማሳው ከፒክሰሎቹ ጋር ስለማይገጥም የዳሮቹ ፒክሰሎች ድንበሩን፣ ቦዩን፣ የጎረቤቱን ሰብልና ዛፉን ቀላቅለው ያያሉ። ንጹሕ የማሳው ምስክር ሆነው የሚቀሩት 9 ያህል ብቻ ናቸው። ለብዙ ዓመታት ለድርቅ ክትትል ያገለገለው 250 ሜትር ስፋት ያለው ፒክሰል ደግሞ ብቻውን ከ6 ሄክታር በላይ፣ ማለትም 25 ጥማድ ገደማ ይሸፍናል። በእንዲህ ያለ ልኬት የአንድ ገበሬ ዕጣ ከጎረቤቶቹ ዕጣ ተለይቶ አይታይም።

ማሽን እንዴት ይማራል?

ቀድሞ የነበረው አሠራር ባለሙያው ራሱ ደንብ የሚያወጣበት ነበር። «ቁጥሩ በነሐሴ ከዚህ በላይ ከሆነ፣ በጥቅምትም ከዚህ በታች ከወረደ ጤፍ ነው» እንደ ማለት ነው። በዛሬው የማሽን ትምህርት ደንቡን የሚያወጣው ማሽኑ ነው። ለማሽኑ የሚሰጠው ብዙ ምሳሌና የየምሳሌው መልስ ነው፤ «ይህ መስመር የጤፍ ነው፤ ያኛው የስንዴ ነው» እየተባለ።

በማሽኑ ውስጥ ያሉት በሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ናቸው። መጀመሪያ በዘፈቀደ ይቀመጣሉ። ማሽኑ የመጀመሪያውን ምሳሌ አይቶ ይገምታል፤ ግምቱ ከመልሱ ጋር ይነጻጸራል፤ ስሕተቱም ይሰላል። ከዚያም እያንዳንዱ ቁጥር ስሕተቱን ወደሚቀንስበት አቅጣጫ በጥቂቱ ይነቀሳቀሳል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል። በጉም በተሸፈነ ተራራ ላይ ያለ ሰው ሸለቆውን ማየት ባይችልም ከእግሩ ሥር ያለውን ቁልቁለት እየዳሰሰ ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለቱን የሚነግረን በካልኩለስ የምናውቀው ደሪቫቲቭ ነው። ማሽኑም ይህን እርምጃ እልፍ ጊዜ እየደጋገመ ስሕተቱ አነስተኛ ወደሆነበት ሸለቆ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ልናሰምርበት የሚገባ ነገር አለ። ማሽኑ ጤፍ ምን እንደሆነ አያውቅም። እንጀራ አልበላም፤ ማሳ አልረገጠም። የሚያውቀው በተሰጡት ምሳሌዎች ውስጥ የትኛው የቁጥር ቅርጽ ከየትኛው ስም ጋር አብሮ እንደመጣ ብቻ ነው። ምሳሌዎቹ ካልተሟሉ ዕውቀቱም አይሟላም፤ ጉድለቱንም ራሱ አይናገርም።

ከማላዊ የተገኘ ትምህርት

ነገሩን በተጨባጭ ሁኔታ ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በማላዊ የደረሰውን እንውሰድ። የማላዊ መንግሥት 4.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዐረቦን ከፍሎ የአፍሪካ ኅብረት አካል በሆነው የአፍሪካ የአደጋ ሥጋት ተቋም የድርቅ መድን ገብቶ ነበር። በዚያ የእርሻ ዘመን በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናቡ ተዛባ፤ ሰብሉም ጠፋ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በሚያዝያ 2016 የአደጋ ጊዜ አወጁ። 6.5 ሚሊዮን ያህል ሰው የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገመተ። የመድን ክፍያውን የሚወስነው የኮምፒዩተር ስሌት ግን በድርቁ የተጎዳው ሰው 21 ሺህ ገደማ እንደሆነ አመለከተ። በዚህ ስሌት መሠረት ክፍያ አልነበረም።

ምን ተፈጠረ? በመስክ በተደረገው ማጣራት ሳተላይቱ እንዳልተሳሳተ፣ ኮምፒዩተሩም የታዘዘውን በትክክል እንዳሰላ፣ ስሕተቱ ግን በአንድ ግምት ውስጥ ተደብቆ እንደነበር ታወቀ። ስሌቱ ገበሬው ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈጅ የበቆሎ ዝርያ እንደሚዘራ ይገምት ነበር። የማላዊ ገበሬዎች ግን በብዛት ፈጥኖ ወደሚደርስ ዝርያ ተሸጋግረው ነበር። የበቆሎ ተክል የውኃ ጥማት በዕድሜው ይለያያል፤ በሚያብብበትና ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ዝናብ ከተቋረጠበት ጉዳቱ ይከፋል። ዝርያው ሲለወጥ ይህ ወሳኝ ጊዜም ቦታውን ይለውጣል። በመሆኑም አንዱን ዝርያ በመጠኑ የሚጎዳ የዝናብ መቋረጥ ሌላውን ዝርያ ሊያጠፋ ይችላል። ግምቱ ሲታረም ስሌቱ ተለወጠ፤ በኅዳር 2016 የ8.1 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ እንደሚሰጥ ተገለጸ። ይህ የሆነው የአደጋ ጊዜ ከታወጀ ከሰባት ወር በኋላ ነበር። ለተራበ ቤተሰብ ሰባት ወር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ስሌት የማሽን ትምህርት ውጤት አልነበረም። ባለሙያዎች ያወጡት፣ ግምቶቹ አንድ በአንድ ተጽፈው የሚነበቡ የውኃ ሒሳብ ነበር። ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘት የተቻለውም ለዚሁ ነው፤ «የዝርያው ዓይነት» የሚል ግምት በግልጽ ተቀምጦ ነበርና። ተመሳሳይ ስሕተት በሚሊዮን ቁጥሮች ውስጥ ተበትኖ በሚገኝበት ማሽን ውስጥ ቢገባ የት ብለን እንፈልገዋለን? ኃላፊነት የሚሰማው ምርምር የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የስሕተት አራት ምንጮች

የመጀመሪያው ምንጭ የምሳሌዎቹ ትውልድ አገር ነው። በዘርፉ በስፋት ከሚታወቁት የማስተማሪያ ስብስቦች አንዱ ዩሮሳት ይባላል። 27,000 የሳተላይት ምስሎችን በ10 ክፍሎች መድቦ ይዟል። ምስሎቹ በሙሉ የተወሰዱት ከ34 የአውሮፓ አገሮች ነው። ስብስቡ ለተሠራበት ዓላማ ጠቃሚና በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። ነገር ግን በእርሱ ብቻ የተማረ ማሽን ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ማሳዎችን እንጂ በእርከን የተከፋፈለውን የኮንሶን ኮረብታ፣ እንሰትና ቡና ተቀላቅለው የሚበቅሉበትን የጌዴኦን ጓሮ አላየም። ጤፍንም አያውቅም። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ግን «አላውቅም» አይልም፤ ከሚያውቃቸው 10 ስሞች አንዱን መርጦ ይሰጣል።

ሁለተኛው ምንጭ ፈተናውን አስቀድሞ ማየት ነው። ማሽኑ ከተማረ በኋላ ባላያቸው ምሳሌዎች መፈተን አለበት። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የተሰበሰቡትን ፒክሰሎች በዘፈቀደ ቀላቅሎ ከፊሉን ለትምህርት፣ ከፊሉን ለፈተና መመደብ ነው። የአንድ ማሳ ፒክሰሎች እርስ በርሳቸው በጣም ስለሚመሳሰሉ ከአንዱ ማሳ አምስቱን ለትምህርት፣ አራቱን ለፈተና የሰጠ መምህር ለተማሪው የፈተናውን ወረቀት አስቀድሞ እንዳሳየው ይቆጠራል። ውጤቱ ያምራል፤ ዕውቀቱ ግን አልተመዘነም። ትክክለኛው ፈተና ማሽኑን በአንድ ወረዳ አስተምሮ በሌላ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት አስተምሮ በሌላ ዓመት መመርመር ነው። በዚህ መንገድ ሲመዘን ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ያለው ውጤት ግን እውነተኛው ነው።

ሦስተኛው ምንጭ በአማካይ ውስጥ የሚሰወር ጉዳት ነው። አንድ ምሳሌ በሐሳባችን እንፍጠር። 1,000 ማሳዎች አሉ እንበል፤ ከእነዚህ 100ው ሰብላቸው ጠፍቷል። ማሽኑ ከጠፉት 70ውን ለየ፤ ደኅና ከሆኑት 900 ውስጥ 10ሩን በስሕተት «ጠፍተዋል» አለ። በትክክል የተፈረደላቸው 70 እና 890፣ በድምሩ 960 ናቸው። «ማሽኑ 96 በመቶ ትክክል ነው» ተብሎ በጉባኤ ቢቀርብ ይጨበጨባል። ነገር ግን እርዳታ ከሚያስፈልጋቸው 100 ቤተሰቦች 30ዎቹ ከመዝገብ ውጭ ቀርተዋል። 96 በመቶ የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም፤ የሚመልሰው ግን እነዚያ ቤተሰቦች ያላነሡትን ጥያቄ ነው። እነዚህ 30 ማሳዎች በአጋጣሚ የተበታተኑ ላይሆኑም ይችላሉ፤ እጅግ ጠባብ በሆኑና ተዳፋት ላይ ባሉ ማሳዎች ላይ የተከማቹ ከሆነ የማሽኑ ስሕተት ድሃውን ለይቶ ይመታል ማለት ነው።

አራተኛው ምንጭ ጥርጣሬን አለመግለጽ ነው። ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ በላቦራቶሪ ውስጥ የለካውን ቁጥር ከነስሕተት ወሰኑ ካላቀረበ ሪፖርቱ ይመለስለታል። ከማሽንም ይኸው ሊጠየቅ ይገባል። «ሰብሉ ጠፍቷል» ብቻ ሳይሆን «የመጥፋቱ ዕድል 60 በመቶ ነው» ማለት አለበት። 60 በመቶ ባላቸው ማሳዎች ላይ በመስክ ሲጣራም ከመቶው 60 ያህሉ በእርግጥ ጠፍተው መገኘት አለባቸው። እንዲህ ካልሆነ የተሰጠው ዕድል ጌጥ እንጂ መለኪያ አይደለም። በእርግጠኝነትና በጥርጣሬ መካከል ያሉትን ማሳዎች ለይቶ የልማት ሠራተኛ ሄዶ እንዲያያቸው የሚያሳስብ ማሽን፣ ሁሉን ከሚያውቅ መሳይ ማሽን ይበልጣል።

ውሳኔው በምሕዋር ላይ ሲሰጥ

እስካሁን የተናገርነው ምድር ላይ ስለሚሠራ ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የመጠቀችው ፋይሳት 1 የተባለች አነስተኛ የአውሮፓ ሳተላይት ግን ማሽኑን ይዛው ወጣች። ሳተላይቶች ከሚያነሡት ምስል ብዙው ዳመና ብቻ ነው፤ ወደ ምድር የሚላክበት የሬዲዮ መስመር ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ በሳተላይቷ ላይ የተገጠመው ማሽን ከ70 በመቶ በላይ በዳመና የተሸፈነውን ምስል ለይቶ እንዲጥል፣ የቀረውን ብቻ እንዲልክ ተደረገ። ይህም ኃይልንና ጊዜን የሚቆጥብ ብልኀት ነው።

ነገር ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ምድር ላይ የተሳሳተ ማሽን ሊታረም ይችላል፤ መረጃው በመዝገብ አለና። በምሕዋር ላይ የተጣለ ምስል ግን አይመለስም። የአፋር የጨው ሜዳ፣ ነጭ አሸዋና በረዶ ከላይ ሲታዩ እንደ ዳመና ይነጣሉ። ማሽኑ እነዚህን በተደጋጋሚ ከዳመና ጋር ቢያምታታ እነዚያ ቦታዎች ከታሪክ መዝገብ በጸጥታ ይሰረዛሉ፤ መሰረዛቸውንም የሚያውቅ አይኖርም። የፋይሳት 1 መሐንዲሶች ይህን ተረድተው ማሽኑን ሲሠሩ ጥቂት ዳመናማ ምስሎች አልፈው ቢላኩ ይሻላል፤ ደኅናው ምስል እንዳይጣል ግን ይበልጥ ይጠንቀቅ የሚል አቋም ወስደዋል። ሁለት ዓይነት ስሕተቶች እኩል እንዳልሆኑ ማወቅና የትኛው እንደሚብስ አስቀድሞ መወሰን ከኃላፊነት ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ይህ ውሳኔ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የሕሊናም ነው።

የምሕዋሩም ደኅንነት

ስለ ዘላቂነት ስናወራ ሳተላይቶቹ ራሳቸው የሚኖሩበትን አካባቢ መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 10 ቀን 2009 ኢሪዲየም 33 የተባለው የመገናኛ ሳተላይትና ሥራ ያቆመው የሩሲያው ኮስሞስ 2251 በ790 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተጋጭተው ከ2,000 በላይ ክትትል የሚደረግባቸው ስብርባሪዎች ሆኑ። ይህ ከፍታ ሰብላችንን የሚያዩት ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ከሚዞሩበት ከፍታ ጋር ተቀራራቢ ነው። በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ 1 ግራም የምትመዝን ቅንጣት 50,000 ጁል ኃይል ትሸከማለች፤ ይህም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ከሚጓዝ የ1 ቶን መኪና ኃይል ጋር እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ሴንቲኔል 1 ኤ የተባለችውን የራዳር ሳተላይት የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የመታው ቅንጣት ጥቂት ሚሊሜትር የማይሞላ ነበር፤ ያደረሰው ጉዳት ግን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው።

የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የግጭት ሥጋትን በማሽን ትምህርት ለመተንበይ ዓለም አቀፍ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ውጤቱ ለትሑት ሰው የሚጠቅም ነው። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች የመጨረሻውን የሥጋት ግምት እንዳለ ከሚደግም ቀላል ዘዴ የተሻለ ትንበያ ማቅረብ አልቻሉም። ምክንያቱም ከላይ በማሳዎቹ ምሳሌ ካየነው ጋር ይመሳሰላል፤ አደገኛ የሆኑት ክስተቶች ከብዙዎቹ አደጋ የለሽ ክስተቶች መካከል እጅግ ጥቂት ናቸው። የተራቀቀ ማሽን ከቀላል ዘዴ ጋር ሳይነጻጸር መወደስ እንደማይገባው ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ኃላፊነት የሚለው ቃል በጉባኤ ንግግር ብቻ እንዳይቀር ወደ ተግባር መተርጎም አለበት። ዓለም አቀፍ መነሻዎች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1986 ባጸደቃቸው መርሆች ከሕዋ የተለካች አገር ስለ ራሷ ግዛት የተሰበሰበውን መረጃ ያለ አድልዎና በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት እንደሚገባት ተደንግጓል። የዩኔስኮ አባል አገሮችም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር የውሳኔ ሐሳብ አጽድቀዋል። ሰነዶቹ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ ሥራውን ግን አይሠሩልንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ገበሬው መረጃ ሰጪ ብቻ ሳይሆን መርማሪም መሆን አለበት። ለዚህ ከአገራችን ጥሩ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሓ በተባለ ስፍራ 200 ያህል ቤተሰቦች የተሳተፉበት በሳተላይት የዝናብ ልኬት ላይ የተመሠረተ የመድን ሙከራ ተጀምሮ ነበር። አዘጋጆቹ የክፍያውን ደንብ ሲያወጡ ገበሬዎቹን «ክፉ የነበሩት ዓመታት የትኞቹ ናቸው?» ብለው ጠይቀው መልሳቸውን ከሳተላይቱ መዝገብ ጋር ያስተያዩ ነበር። የገበሬው ትዝታና የሳተላይቱ ልኬት ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ ለምርመራ ይቀርባል። የማላዊው ስሌት የጎደለው ይህ ጥያቄ ነበር፤ «ዘንድሮ ምን ዓይነት በቆሎ ዘራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከሳተላይት ይልቅ በጣም ርካሽ ነው።

ሁለተኛው የራሳችን ምሳሌዎች መኖራቸው ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ 72 ኪሎ ግራም ክብደት ያላትን፣ ከቻይና ያመጠቀችው በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሳተላይት የማግኘት ጉዳይ የገንዘብና የስምምነት ነው፤ በየወረዳው «ይህ ማሳ በዚህ ቀን ጤፍ ነበረበት» ብሎ የሚመሰክር የተረጋገጠ መዝገብ ግን ከውጭ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። መዝገቡን የሚሠሩት የእኛ ተማሪዎች፣ የልማት ሠራተኞችና ገበሬዎች ናቸው። መዝገቡ ሲሰበሰብም የገበሬው ፈቃድ ሊጠየቅ፣ ማንነቱም ሊጠበቅ ይገባል፤ የማሳ ካርታ ለእርዳታ እንደሚያገለግል ሁሉ ለሌላም ዓላማ ሊውል ይችላልና።

ሦስተኛው በሌላ ላይ ብቻ አለመደገፍ ነው። ከላይ የጠቀስነው በአሜሪካ መንግሥት የሚደገፈው የረኀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የገንዘብ ድጋፉ በመቆሙ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በብዙ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች ለአርባ ዓመታት የለመዱት ምንጭ በአንድ ውሳኔ ሲደርቅ አይተዋል። ዘላቂ የሚሆነው ቢያንስ ዋናውን ስሌት ራሳችን ማስኬድ፣ መመርመርና ማረም ስንችል ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ይግባኝ ነው። ማሽን በፈረደበት ማሳ ላይ ባለቤቱ «አይደለም» የሚልበት ቦታ፣ የሚሰማው ሰው፣ ፍርዱም የሚታረምበት የጊዜ ገደብ ሊኖር ይገባል። በስም የሚታወቅ ተጠያቂ የሌለው ፍርድ፣ ከማሽንም ይምጣ ከሰው፣ ፍርድ ሊባል አይችልም።

ማጠቃለያ

በክፍል ውስጥ ስለ እነዚህ ጉዳዮች ስንወያይ ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ «ታዲያ ማሽኑን እንመነው ወይስ አንመነው?» ብለው ይጠይቁናል። መልሳችን ቴርሞሜትርን እንደምናምነው እንመነው የሚል ነው። ቴርሞሜትርን የምናምነው በበረዶና በፈላ ውኃ ስለፈተንነው፣ የስሕተቱን ወሰን ስለምናውቅ፣ ሲበላሽም ስለምንለውጠው ነው። ሳተላይትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲጣመሩ ከዚህ ቀደም ያልነበረ ዓይን ይሰጡናል። በ1965 ዓ.ም. ያ ዓይን ከሞላ ጎደል ነበር፤ የጎደለው ያየውን ወደ ምድር የሚያደርስ እጅ ነበር። ዛሬ እጁም እየተሠራ ነው። እጁ የሚይዘውን እንዳይስት ማረጋገጥ የእኛ የተመራማሪዎች ድርሻ ነው።

በሚቀጥለው የመኸር ወቅት ከተማሪዎቻችን መካከል ጥቂቶች እንኳ የአቅጣጫ መለኪያና ደብተር ይዘው ወደ ማሳ ቢወርዱ፣ ከገበሬው ጋር ተቀምጠው የዘንድሮውን ሰብል ቢመዘግቡ፣ በኋላም ማሽኑ ያለውን ከደብተራቸው ጋር ቢያስተያዩት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ምናልባትም ከመዝገብ ውጭ ሊቀሩ የነበሩትን 30 ቤተሰቦች የሚያገኛቸው ያ ደብተር ይሆናል።